የጃፓን ጦር ጎራዴ፦ የመኮንኑ ወይስ የባለሌላ ማዕረግተኛው?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ የጃፓን ጎራዴ እጃችሁ ከገባ መጀመሪያ እጀታውን እዩ።

የባለሌላ ማዕረግተኛው (ዓይነት 95፣ እ.ኤ.አ. 1935)፦ እጀታው ባብዛኛው ቀልጦ የተሠራ ብረታ ብረት ነው። ገመድ የተጠመጠመበት ይመስላል እንጂ የብረቱ ቅርጽና ቀለም ነው።
የመኮንኑ (ዓይነት 94 እና 98)፦ እውነተኛ ገመድ፣ ከሥሩም የዓሣ ቆዳ።

ማረጋገጡ፦ 95ቱ ይቀላል። የማሽን ሥራ ነው፣ ስለቱ ላይ ቁጥር ታትሟል። አፎቱ ላይ ያለው ቁጥር ከገጠመ እሰየው፣ ዋጋውም ይጨምራል።

የመኮንኑ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ትንሿን የቀርከሃ ችንካር ገፍታችሁ እጀታውን ስታወልቁ የስለቱ ጭራ ይወጣል። የአንጥረኛው ስም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚቀረጸው። የኮከብ ማኅተም ካለ ብዙ ጊዜ በጥንቱ ዘዴ የተሠራ መሆኑን ያሳያል። አንዳንዴማ ለጦርነቱ አዲስ እጀታ የተገጠመለት፣ ዕድሜው በመቶዎች የሚቆጠር የቤተሰብ ቅርስ ይገኛል! እባካችሁ፣ የጭራውን ዝገት አትፈግፍጉት። ዕድሜው የሚነበበው ከዝገቱ ነው፤ አንዴ በብርጭቆ ወረቀት ከተነካ አይመለስም።

አደጋው፦ 95ቱን አስመስለው የሠሩት ሞልቷል፤ የቁጥሩን አጻጻፍ አጥብቃችሁ እዩ። የመኮንኑን ደግሞ ባለቤቱ ራሱ በጽዳት ያበላሸዋል።

ለጀማሪና የጦርነቱን ታሪክ ለሚሰበስብ 95ቱ ይስማማል። የአንጥረኛ ጥበብ ለሚማርከው፣ ባለሙያ ለማማከርም ገንዘብ ላለው የመኮንኑ ይሻላል።