ልጅ ኮሌጅ ሲሄድ የመኪና ኢንሹራንስ፦ በወላጅ ፖሊሲ ወይስ በራሱ ስም?

ኦገስት ሲቃረብ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያለን ወላጆች ጭንቀታችን አንድ ነው፦ ልጁ ሊሄድ ነው፣ ኢንሹራንሱን ምን እናድርገው? ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ፤ መኪናው የት ያድራል? ታይትሉስ (የባለቤትነት ወረቀቱ) በማን ስም ነው?

መኪናው ቤት ከቀረ ብዙ ሰው «እሷ እኮ አትነዳም» ብሎ ሴት ልጁን ከፖሊሲው (ከኢንሹራንስ ውሉ) ያስወጣል። እባካችሁ አታድርጉት። ለታንክስጊቪንግ ትመጣለች፤ እናት ወጡን እያማሰለች «እንጀራ አልቋል፣ ሮጥ በይ» ትላታለች፤ ልጅት የአባቷን ካምሪ ቁልፍ ከበሩ አጠገብ አንስታ ትወጣለች። በዚያች የ10 ደቂቃ መንገድ ብትጋጭ ኩባንያው አልከፍልም ሊል ይችላል። ይልቅ ፖሊሲው ላይ ትቆይና ርቆ ለሚማር ልጅ የሚሰጠውን ቅናሽ ጠይቁ። ብዙ ኩባንያዎች ትምህርት ቤቱ ከ100 ማይል በላይ እንዲርቅና ተማሪው መኪና ሳይዝ እንዲሄድ ይፈልጋሉ። ከአሌክሳንድሪያ ብላክስበርግ ቨርጂኒያ ቴክ የገባች ልጅ ርቀቱን ታሟላለች፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ኮሌጅ ፓርክ የሚማር አያሟላም። እሱ አማካይ ውጤቱ ቢ ከሆነ የጎበዝ ተማሪ ቅናሽ ይሞክር።

መኪናውን ይዞ ከሄደና ታይትሉ በወላጅ ስም ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የእናንተው ፖሊሲ ላይ መቆየት ይችላል፤ ለእኔ ከሁሉም የሚሻለው ይሄ ነው። ግን መኪናው የሚያድርበትን አዲስ አድራሻ ንገሩ። ትንሽ ከተማ ከሆነ ክፍያው ሊቀንስም ይችላል። ደብቃችሁ ብትገኙ ግን አደጋ በደረሰ ቀን ጣጣ ነው። ልጁ ከተጋጨ የእናንተም ክፍያ ሊጨምር እንደሚችል ከወዲሁ እወቁት።

በራሱ ስም ፖሊሲ መግዛት ለ18 ዓመት ልጅ ብዙውን ጊዜ ውድ ነው። ታይትሉ በስሙ ከሆነ ወይም ከቤት ጠቅልሎ ከወጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ግድ ነው። ያኔ «ርካሹን ስጡኝ» እንዳይል። በሜሪላንድ በሌላ ሰው ንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት ሕጉ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ሽፋን 15,000 ዶላር ነው፤ በቨርጂኒያ ከ2025 ጀምሮ 25,000። አዲስ ቴስላ ቢገጭ ሁለቱም ላይበቁ ይችላሉ፣ ቀሪው በእሱ ላይ ነው። የራሱን መኪና ለማሠራት ደግሞ ኮሊዥን (በግጭት ለራሱ መኪና የሚከፍለውን ሽፋን) መጨመር አለበት።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ዶርም አጠገብ መስኮት ሰብረው ላፕቶፕ ቢወስዱ፣ ኮምፕሪሄንሲቭ (እንደ ስርቆት ላለ ከግጭት ውጭ ጉዳት የሚከፍል ሽፋን) ያለው ሰው ከዲዳክቲብሉ (መጀመሪያ ከራሱ ኪስ ከሚከፍለው) በላይ ያለውን የመስታወት ወጪ ይከፈልለታል። ላፕቶፑን ግን የመኪና ኢንሹራንስ አይከፍልም፤ እሱን የቤታችሁ ኢንሹራንስ ይሸፍን እንደሆነ ልጁ ሳይሄድ ደውላችሁ ጠይቁ።