«ቱርቦው ሞቷል» ሲሉኝ የገዛሁት ጓርኒሲዮን፦ ከ9 ወር በኋላ

ባለፈው መስከረም አንድ ጋራዥ መኪናዬን አየና «ቱርቦው (ለሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋው ክፍል) ሞቷል፣ አዲስ ግዛ» አለኝ። አልገዛሁም። በምትኩ የቱርቦ ጓርኒሲዮን ኪት ገዛሁ፤ ጓርኒሲዮን ሁለት ክፍሎች ሲገጥሙ እንዳያፈስ በመሃላቸው የሚገባው ስስ ነገር ነው። ዋጋው ለአዲስ ቱርቦ ከተጠየቅኩት ከሃያ አንድ እጅ እንኳን አይሞላም። አሁን ሰኔ ነው። መኪናዋ ከዚያ ወዲህ 31 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳለች፣ ቱርቦውም ያው የድሮው ነው። ኪቱ ምኑ እንዳረካኝ፣ ምኑ እንዳስቸገረኝ ልንገራችሁ።

መኪናዋ 70 ኩንታል የምትጭን፣ ባለ 6 ሲሊንደር ናፍጣ ናት። ከኮምቦልቻ ደሴና ወልዲያ ትመላለሳለች። አልፎ አልፎ በባቲ አድርጋ ሚሌ ትወርዳለች። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ገደማ። ያንን ልዩነት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ፣ የሀረጎን ዳገት እየዞርክ ነው የምትወጣው። ሙሉ ጭኖ ሀረጎን የሚወጣ መኪና ቱርቦው እረፍት የለውም። ወደ ሚሌ ሲወረድ ደግሞ ሙቀቱና አቧራው ይጠብቃል።

ችግሩ የጀመረው ከሽታ ነው። ዳገቱ አጋማሽ ላይ የተቃጠለ ዘይት ይሸተኛል። ጭነት ስጠብቅ ሞተሩን ሳላጠፋ ብዙ ከቆየሁ፣ ስነሳ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። ማታ ካቆምኩበት ቦታ ጠዋት መሬቱ ላይ ጠብታ አገኛለሁ። በ1,500 ኪሎ ሜትር ከ1 ሊትር በላይ ዘይት መጨመር ጀመርኩ። ይሄ ሲሆን ቸል አትበሉ። የቱርቦው የጭስ በኩል ያለው ብረት እንደ ፍም ነው የሚግለው፤ ዘይት ከፈሰሰበት እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ዘይቱ በብዛት ወደ አየር ማስገቢያው ከገባ ደግሞ ሞተሩ እሱኑ እያቃጠለ፣ ቁልፍ ብትዘጉም አልጠፋ ሊል ይችላል።

ሁለተኛው መካኒክ ኮምቦልቻ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ቁልፍ ሳያነሱ በፊት ያዘዙኝ ሞተሩን እንዳጥብ ነው። «ጋሼ፣ መጀመሪያ አይፈታም እንዴ?» አልኳቸው። «ቆሻሻ ላይ ምን ታያለህ ልጄ?» አሉኝ። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። በናፍጣና በብሩሽ፣ ከዚያ በሳሙና ውሃ አጠብኩት። ደርቆ ሲያበቃ ከሱቅ የተገዛ የሕፃን ፓውደር አወጡና ቱርቦውን፣ ቱቦዎቹን፣ ከላይ ያለውን የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ክዳን ዙሪያ ሁሉ ነሰነሱበት። መኪናው ዱቄት የተደፋበት መሰለ። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ድረስ ወጥቼ ተመለስኩ።

ካቢኑን ስናነሳ የቴስታታው ክዳን ነጭ እንደሆነ ነው። ዘይት ወደ ቱርቦው የሚያመጣው ቀጭን ቱቦ የሚታሰርበት ቦታ ትንሽ ጠቁሯል። ከቱርቦው ሆድ ሥር ግን፣ ዘይት መመለሻው ቱቦ ከሚገጥምበት ቦታ፣ እርሳስ የሚያህል ቡናማ መስመር ቁልቁል ወርዷል። ማራገቢያው ዘይቱን ወደ ኋላ ስለሚነፋው ቀድሞ ሞተሩ በሙሉ የሚያፈስ ይመስለኝ ነበር። ፓውደሩ ግን መነሻውን በጣት አሳየን።

መመለሻውን ሲፈቱት ያየሁትን አልረሳውም። ከዚህ በፊት የጠገነው ሰው በጓርኒሲዮን ፈንታ ቀይ ሲሊኮን ቀብቶበታል። ሲጠብቅ ሲሊኮኑ ወደ ውስጥ ተጨምቆ ገብቶ፣ ቀዳዳውን ከግማሽ በላይ ዘግቶታል። መካኒኩ በጥፍራቸው ሲስቡት እንደ ትል ተመዘዘ። «ቱርቦህ ጤነኛ ነው። መውጫ ነው ያጣው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል። የሚሽከረከረው ዘይት ላይ ተንሳፎ ነው። ዘይቱ በግፊት ይገባል፣ ሲወጣ ግን በራሱ ክብደት ብቻ ቁልቁል ወደ ኮፓ፣ ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት መያዣ፣ ይወርዳል። በዘንጉ ጫፍና ጫፍ ያሉት የዘይት ማገጃዎች እንደ ፒስተን ፋሻ ያሉ ቀጫጭን ቀለበቶች ናቸው እንጂ ጎማ አይደሉም። መመለሻው ከተዘጋ ዘይቱ ሆዱ ውስጥ ይሞላና በቀለበቶቹ በኩል ይወጣል። የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ሲዘጋም እንደዚያው ነው፤ ከታች ያለው ግፊት ዘይቱን አላወርድ ይለዋል። የአየር ፊልትሮ (ማጣሪያ) ሲታፈን ደግሞ ቱርቦው አየር ሲያጣ ዘይቱን ይስባል። አዲስ ቱርቦ ብገጥም ኖሮ እሱም በሳምንቱ ያፈስ ነበር። የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ቱርቦው ራሱ መሞቱን ለማወቅ የአየር ቱቦውን ነቅለን ዘንጉን በጣት ይዘን ነቀነቅነው። ወደ ጎን ትንሽ ይላወሳል፣ ይሄ ያለ ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግን በጣት የሚታወቅ እንቅስቃሴ የለውም። ምላጮቹም ግድግዳውን አልነኩም።

ወደ ኪቱ ልምጣ። ውስጡ ሁለት የብረት ጓርኒሲዮን፣ አራት የመዳብ ሮንዴላ (ብሎን ላይ የሚገባ ቀለበት)፣ አጭር የመመለሻ ጎማና ሁለት ፋሸታ (ጎማውን አጥብቆ የሚይዝ የብረት ቀበቶ) አለው። ጓርኒሲዮኖቹን ወድጃቸዋለሁ። ያለ ምንም ሲሊኮን፣ ፊቱ በደንብ ተጠርጎ ነው የገጠምናቸው። በ9 ወር አንድም ቀን አላፈሰሱም። ሮንዴላዎቹም ደረቅ ናቸው። ብቻ አሮጌዎቹን መልሳችሁ አትጠቀሙ፤ መዳብ አንዴ ከተጨፈለቀ በኋላ እንደ መጀመሪያው አይተኛም።

ፋሸታዎቹ ደካማ ናቸው። በሁለተኛው ወር ጎማው ጫፍ ላይ ላብ የመሰለ ዘይት አየሁ። ሳጠብቀው አንደኛው ጥርሱ ዘለለ። ወፍራም ገዝቼ ሁለቱንም ቀየርኩ። ጎማው ደግሞ ከሁሉም ያሳዘነኝ ነው። በስድስተኛው ወር ለቱርቦው የቀረበው ጫፍ ደርቆ፣ ስታጥፈው ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች ይታዩበት ነበር። አሁን በውስጡ ጨርቅ ያለው፣ ሙቀትና ዘይት የሚችል ጎማ ነው የገጠምኩት። የራዲያተር ጎማ ቆርጠው የሚገጥሙ አሉ፤ ለውሃ የተሠራ ጎማ ዘይት ሲነካው ያብጥና ይላሽቃል። ኪቱ ላይ ብሎኑ ምን ያህል እንደሚጠብቅ የሚል አንዲት ወረቀት እንኳን የለም። ይሄ መታረም አለበት።

ሥራው ግማሽ ቀን ፈጀ። ቱቦውን ከመዝጋታችን በፊት መካኒኩ በመግቢያው ንጹሕ ዘይት ሞሉበት። ናፍጣውን ዘግተው ሞተሩን በስታርተር ብቻ አዞሩት፣ ዘይቱ ቱርቦው ጋ እስኪደርስ። ከዚያ አስነስተው ነዳጅ ሳይረግጡ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት።

ከዚያ ወዲህ እኔም ልማዴን ቀይሬአለሁ። ሀረጎን ጨርሼ ደሴ ስገባ ወዲያው አላጠፋም፣ 3 ደቂቃ እጠብቃለሁ። በግለቱ ከጠፋ ቱርቦው ውስጥ የቀረው ዘይት ይቃጠልና ከሰል ይሆናል። ጭነት ስጠብቅ ግን አጠፋለሁ። ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ። ከሚሌ ስመለስ ፊልትሮውን አወጣለሁ፤ የባቲን መንገድ አቧራ በዓይኔ ስላየሁት አላምነውም።

ዘይት መጨመሩ ቀረ ማለት ይቻላል፤ ከሰርቪስ ሰርቪስ ሩብ ሊትር ቢሆን ነው። ባለፈው እሑድ ሞተሩን አጥቤ እንደገና ፓውደር ነሰነስኩበት። ደሴ ወጥቼ ስመለስ መመለሻው ሥር ያለው ፓውደር ነጭ ነበር።