8 ወር በእንጨት ቶርኖ ላይ፦ የትኛው ሴንተር እጄ ላይ ቀረ?

መሮ ስገዛ ሳምንት ሙሉ አስቤበታለሁ። ሴንተሩን ግን ከማሽኑ ጋር የመጣውን ሰክቼ ሥራ ጀመርኩ። ሴንተር የምላችሁ በሞተሩ ወገን ዘንጉ ውስጥ ተሰክቶ፣ የእንጨቱን ጫፍ ነክሶ የሚያዞረውን ቁራጭ ብረት ነው። በመዳፍ የሚያዝ ትንሽ ነገር ነው። ከ8 ወር በኋላ ግን ጥሩ ሥራና የተበላሸ ሥራ የሚለዩት ብዙ ጊዜ እዚያ ጋ እንደሆነ አምኛለሁ።

በእነዚህ ወራት ሦስት ዓይነት ተጠቅሜያለሁ። አንዱ ከማሽኑ ጋር የመጣው ባለ አራት ጥርስ ነው። ሁለተኛው ባለ ሁለት ጥርስ ነው። ሦስተኛው ዙሪያውን በትንንሽ ጥርሶች የተከበበ ሲሆን፣ መሀሉ ላይ በሞላ የሚገፋ ሹል ጫፍ አለው። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ስቴብ ሴንተር ይለዋል። ስሙ የመጣው ሼፊልድ ከሚገኘው መሣሪያ አምራች ከሮበርት ሶርቢ ነው፤ ተመሳሳዩን የሚሠሩ ሌሎችም አሉ። የእኔው ስፋቱ 22 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የሠራሁባቸው በአብዛኛው የጠረጴዛ እግርና የመሣሪያ እጀታ ነው።

ከባለ አራት ጥርሱ ልጀምር። ብዙ ያስተማረኝ እሱ ነው። ሁለተኛው ወር ላይ ደረቅና ጠንካራ እንጨት ስሠራ፣ ላዩ ላይ እንደ ሞገድ ያለ መስመር መውጣት ጀመረ። መሮው ደንዟል ብዬ ሦስት ጊዜ ሳልኩት። ለውጥ የለም። በመጨረሻ እንጨቱን አውርጄ ጫፉን አየሁት። ጥርሶቹ የነከሱበት ቦታ አራት ቀጭን መስመር መሆን ነበረበት። ያገኘሁት ግን በትራፓኖ የተበሳ የሚመስል ክብ ጉድጓድ ነው። ጥርሶቹ ዶልዱመው፣ መንከስ ትተው ይፈጩ ነበር። መሀሉ ላይ ያለው ሹል ደግሞ በጣም ረዝሞ ስለነበር፣ ጥርሶቹ በደንብ ሳይገቡ እሱ ቀድሞ ይተክል ነበር።

ያን ቀን ሞረድ አነሳሁ። ጥርስ የሚሳለው በአንድ በኩል ብቻ ነው። እንጨቱን የሚገፋው ፊት ቀጥ እንዳለ ይቆያል፤ አይነካም። የሚሞረደው ጀርባው ነው። እያንዳንዱ ጥርስ እንደ ትንሽ መሮ ሲሆን ልክ ነው። ሹሉን ደግሞ ከጥርሶቹ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ብቻ እስኪወጣ አሳጠርኩት። አራቱም ጥርስ እኩል መሆናቸውን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ እንጨት ላይ ሴንተሩን መታ አድርጉና አውጡት። አራቱ ምልክት ጥልቀታቸው እኩል ካልሆነ፣ ጠልቆ የገባውን ጥርስ ትንሽ ሞርዱና ደግማችሁ ሞክሩ። እኔ አራት ዙር ፈጅቶብኛል። ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው፤ ሞገዱ ግን በዚያው ቀን ጠፋ።

አንድ ነገር አደራ የምለው አለ። ሴንተሩን እንጨቱ ላይ የምትመቱት ከማሽኑ አውጥታችሁ ነው። ማሽኑ ላይ እንዳለ እንጨቱን ከወዲያ ብትመቱት፣ ምቱ በቀጥታ ኩሽኔታው ላይ ያርፋል። ኩሽኔታ ደግሞ አንዴ ከተጎዳ እያንዳንዱ ሥራ ላይ ይንቀጠቀጣል። የምትመቱበትም የእንጨት መዶሻ ይሁን። የብረት መዶሻ የሴንተሩን ጀርባ ያፈርጠዋል። የፈረጠው ብረት ደግሞ ዘንጉ ውስጥ ሲገባ ይቧጭራል። እንጨቱ በጣም ጠንካራ ከሆነ ጫፉ ላይ ከማዕዘን ማዕዘን በመጋዝ ጥልቀቱ 3 ሚሊሜትር የሚሆን መስቀል እቆርጣለሁ። ጥርሶቹ ቦታቸውን አግኝተው ቁጭ ይላሉ።

ባለ ሁለት ጥርሱን ብዙ አልተጠቀምኩበትም። ጥቅሙ ግን ግልጽ ነው። የእንጨቱ ጫፍ ቀጥ ብሎ ካልተቆረጠ፣ ከአራት ጥርስ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ይነካሉ፤ ሁለቱ አየር ላይ ይቀራሉ። ሁለት ጥርስ ሲሆን ሁለቱም ይይዛሉ። ጥንቃቄ የሚፈልገው አቀማመጡ ላይ ነው። ጥርሶቹ የእንጨቱን የተፈጥሮ ጭረት ተከትለው ከተቀመጡ እንደ ፈላጭ ሽብልቅ ይሆናሉ። አንድ ቆንጆ የጠረጴዛ እግር ከጫፉ እስከ ወገቡ የተሰነጠቀብኝ በዚህ ነው። ጭረቱን አቋርጠው ሲቀመጡ ያ ችግር የለም።

አሁን ወደ ባለ ሞላው። ለዚህ ሴንተር ያለኝ ፍቅር ከአንድ ቅጽበት ይጀምራል። ሦስተኛው ወር ላይ እጀታ እየሠራሁ መሮው በድንገት ነከሰብኝ። ቶርኖ የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ መሮው ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ልብ ይደነግጣል። በባለ አራት ጥርሱ እንዲህ ሲያጋጥመኝ እንጨቱ አይለቅም ነበር። መሮው የጣት ርዝመት ያለው ስንጥር ገንጥሎ ይወጣና ሥራው እዚያው ያበቃል። በዚህኛው ግን እንጨቱ «ጭርር» ብሎ ቆመ። ሞተሩ ይዞራል፣ እንጨቱ ቆሟል። የቀረው ትንሽ ጭረት ነበር፤ በብርጭቆ ወረቀት ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሴንተር ስመርጥ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ አይደለም። መቼ እንደሚለቅ ነው። ለጀማሪ ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም በአጥብቆ ያዥ ሴንተር የሚከሰት ንክሻ ሥራውን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ሊጎዳ ይችላል።

አሠራሩም ደስ ይላል። ሹሉ መሀሉን ያገኛል። ከጭራው ወገን፣ ማለትም የእንጨቱን ሌላ ጫፍ ደግፎ ከሚይዘው የማሽኑ ክፍል፣ ያለውን ማጥበቂያ እጀታ ባጠበቃችሁ ቁጥር ጥርሶቹ ይበልጥ ይገባሉ። ስታላሉት ሞላው እንጨቱን ከጥርሶቹ ገፍቶ ያላቅቀዋል። አንዳንዶች ሞተሩን ሳያጠፉ እንጨት ይቀይሩበታል። እኔ አጠፋለሁ፤ የማተርፋት ጥቂት ሰከንድ ለጣቴ አትበቃም።

እንከን የለውም ማለት አይደለም። እርጥብና ለስላሳ እንጨት ላይ ጥርሶቹ ክብ ቀለበት እየበሉ ይገባሉ፤ በየደቂቃው ማጥበቅ ይጠይቃል። ትልቅና ሸካራ እርጥብ ግንድ ሲመጣ አሁንም የምመለሰው ወደ ተሳለው ባለ አራት ጥርስ ነው። አምስተኛው ወር ላይ ደግሞ ሹሉ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሰጋቱራው ሞላው ዙሪያ ተጠቅጥቆ ነበር። ትንሿን ቪቴ ፈትቼ፣ ሞላውን አውጥቼ በብሩሽ አጸዳሁት፤ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ጨምሬ የተረፈውን ጠረግሁ። አሁን በየወሩ አደርገዋለሁ፣ ዳግም አልተያዘም።

እዚህ ላይ የጭራውን ግፊት ሳልጠቅስ አላልፍም። ሴንተር ሲያንሸራትት የሁላችንም እጅ ወደ ማጥበቂያው ይሄዳል። ቀጭን እንጨት ግን ከሁለት ወገን ሲጨመቅ መሀሉ ይጎብጣል፤ ከጎበጠ ይንቀጠቀጣል፣ መሮውም ይዘልላል። ጥርሱ የተሳለ ከሆነ ትንሽ ግፊት ይበቃዋል። የሚያንሸራትት ከሆነ ከማጥበቃችሁ በፊት ጥርሱን እዩት።

ዘንጉ ውስጥ የሚገባው ሾጣጣው ክፍል ሞርስ ቴፐር ይባላል። የእኔ ማሽን ቁጥር 2 ነው፤ ሰፊው ጫፉ 17.78 ሚሊሜትር ነው። ቁጥር 1 ደግሞ 12.065 ሚሊሜትር ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የማሽናችሁን ቁጥር እዩ፤ አይለዋወጡም። ይህ ሾጣጣ የሚይዘው በብሎን አይደለም፤ በሰበቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ዘይት አይቀባም። አንዲት የሰጋቱራ ቅንጣት እንኳ መሀል ከገባች ሴንተሩ ይዘማል። እኔ ማሽኑን ከሶኬት ነቅዬ፣ እንጨት ላይ ጨርቅ ጠቅልዬ ውስጡን እጠርጋለሁ። ጣት አይገባም። በየጊዜው ሾጣጣው ላይ በእርሳስ ረጃጅም መስመሮች አሰምርና ሰክቼ ትንሽ አዞረዋለሁ። መስመሩ ከላይ እስከ ታች እኩል ከጠፋ ጥሩ ተቀምጧል ማለት ነው። ስታወጡት ደግሞ ከኋላ በቀጭን በትር ስትመቱ አንድ እጃችሁ ሴንተሩን ይያዝ፤ ከወደቀ የሚያርፈው በጥርሱ ነው።

ሌላ የለመድኩት ነገር አንዱን ጥርስ በሞረድ ምልክት ማድረግ ነው። እንጨቱ ላይም በዚያው ጥርስ ትይዩ በእርሳስ ነጥብ አደርጋለሁ። አውርጄ ስመልሰው እዚያው ቦታ ይቀመጣል፣ መሀሉ አይዛነፍም።

ዛሬ ላይ ከ10 ሥራ 8ቱን የምሠራው በባለ ሞላው ነው። ጥርሶቹን በ8 ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ በደቃቅ የመሳያ ድንጋይ ነካ አድርጌያቸዋለሁ። ባለ ሁለት ጥርሱ መሳቢያ ውስጥ ነው። አሁን የሚጎድለኝ ለቀጫጭን ሥራ የሚሆን 12 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ 22ቱ ለእነሱ ይሰፋል፣ መሮዬም ጫፉ ጋ ስደርስ ከብረቱ ጋር ይጋጫል። ቀጣዩ ግዢዬ እሱ ነው።