አይሪል ፕሮ ለጃዝ ዋልዝ ልምምድ፦ ድራሙን ዝጉት

በ3/4 (እያንዳንዱ ባር፣ ማለትም የምት ክፍል፣ ሦስት ምት በሚይዝበት የዋልዝ ስልት) ሶሎ መጫወት ለሚለማመድ ሙዚቀኛ አይሪል ፕሮ ዋጋውን የሚያወጣ መተግበሪያ ነው። ኮርዶቹን (አብረው የሚመቱትን ኖቶች) እያሳየ በፒያኖ፣ በባስና በድራም ያጅባል፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። ዜማ ግን የለውም፣ ኮርድ ብቻ ነው። ዜማውን ከቅጂ ሰምቶ ማጥናት የእናንተ ፈንታ ነው።

አንድ ባለ32 ባር ዋልዝ ክፈቱና ቴምፖውን፣ ማለትም ፍጥነቱን፣ በደቂቃ 120 ምት ላይ አድርጉት። መሣሪያችሁን ሳታነሱ ‹አንድ-እና-ሁለት-እና-ሦስት-እና› እያላችሁ ቁጠሩ፤ በመጀመሪያው ምትና ከሁለት ቀጥሎ ባለው ‹እና› ላይ አጨብጭቡ። ዋልዝ የሚያጅብ ፒያኒስት ደጋግሞ የሚያርፈው እነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ነው። የእኛ ጆሮ የሚሳሳተውም እዚሁ ነው። ችክችካ የለመደ ሰው ስድስቱን ቁጥር ሦስት ሦስት አድርጎ እኩል ለሁለት ይከፍላል፤ ሁለተኛው ጭብጨባ ልክ መሃል ላይ ይወድቃል። በስዊንግ፣ በጃዝ አመታት ስልት፣ ግን ያቺ ‹እና› ከመሃል ትንሽ ትዘገያለች፣ በተለይ ቴምፖው ዝግ ሲል። መሃል ላይ ካስቀመጣችኋት ስዊንጉ ይጠፋል፤ ከድራመሩ ራይድ ሲምባል ጋርም ትጋጫላችሁ።

ከዚያ የየመሣሪያው ድምፅ የሚስተካከልበት ሚክሰሩ ውስጥ ገብታችሁ ድራሙን ዝጉና ከባሱ ጋር ተጫወቱ። የመተግበሪያው ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፤ የባሩን መጀመሪያ ራሳችሁ መያዝ አለመያዛችሁ ወዲያው ይታወቃል። ከ4/4 የመጣ ሐረግ ብዙ ጊዜ ስምንት ኤይት ኖት (የግማሽ ምት ኖት) ነው፤ የ3/4 ባር የሚይዘው ግን ስድስት። የተረፉት ሁለቱ ወደሚቀጥለው ባር ይፈስሳሉ፣ እዚያ ደግሞ ኮርዱ ተቀይሯል። ሁለቱን መቁረጥ ይቻላል። የሚሻለው ግን ሐረጉን ወደ 12 ማሳደግ ነው፦ አራት አራት ኖት ሦስት ጊዜ ስትጫወቱ ሁለት ባር ይሞላል፣ ሦስተኛው ባር መጀመሪያ ላይ ከባሱ ጋር ትገናኛላችሁ። ሐረጉን ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ምት አትጀምሩ፤ ሶሎው እንደ ማርሽ ባንድ ዋልዝ ይደርቃል። ከሁለተኛው ምት ግቡ።

ዙሩ በተደገመ ቁጥር ቴምፖውን በራሱ የሚጨምር ማስተካከያም አለው፤ በየዙሩ 5 ምት በደቂቃ በቂ ነው።

ጉድለቱ መተግበሪያው አለመስማቱ ነው። ዝም ብትሉም፣ በስሜት ብትግሉም ባሱ በዚያው መንገዱ ይሄዳል። ከዚህ በላይ ምን እንደሚቻል ለመስማት የፒያኒስቱ ቢል ኤቫንስ ትሪዮ በ1961 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ፣ ቪሌጅ ቫንጋርድ በተባለ የጃዝ ክለብ የቀረጻቸውን ዋልዞች ክፈቱ፤ ባሲስቱ ስኮት ላፋሮ ሦስቱን ምት እየቆጠረ አይሄድም፣ ለፒያኖው መልስ ይሰጣል።