ቦስተን ላላችሁ ሁሉ፦ ወላጅ ሲመጣላችሁ ኬኔዲ ሙዚየም ውሰዷቸው

ቦስተን፣ ዶርቸስተር ከባሕሩ ዳር የጆን ኤፍ ኬኔዲ ፕሬዚዳንታዊ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም አለ። እዚያ የሚያስጎበኙ አንዲት በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት አሉ። ፈቃዳቸውን ስላልጠየቅኩ ስማቸውን አልጽፍም። ለአባቴ ላደረጉላቸው ነገር ግን እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ለምን እንዲህ እንደማመሰግን እንዲገባችሁ ከዚያ በፊት የደረሰብንን ልንገራችሁ። አባባ ከአገር ቤት እንደመጡ ሌላ አንድ ትልቅ ሙዚየም ወሰድኳቸው። ስሙ ይቅር። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ግድግዳው ጥግ ያለች መቀመጫ ላይ አረፍ ሲሉ ጥበቃው መጥቶ አስነሳቸው። ላስረዳው ብሞክር ፊቱን አዞረብኝ። አስጎብኚዋ ደግሞ አባባ ጥያቄ በጠየቁ ቁጥር ሰዓቷን ታያለች። እንግሊዝኛቸው እኮ ከእኔ ይሻላል! ሲወጡ "ሁለተኛ እንዲህ ያለ ቦታ እንዳትወስጂኝ" አሉኝ። የመግቢያው ዋጋ እንኳ ቀላል አልነበረም። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ኬኔዲ ሙዚየም የሄድነው በጓደኛዬ ውትወታ ነው። ገና ከበሩ ሳንጠይቅ ዊልቸር ቀረበልን። አባባ ለወጉ ያህል ተግደርድረው ተቀመጡ።

መጀመሪያ ፊልም ያሳያሉ። ከዚያ እንደ ፈረንጆቹ የ1960ው የምርጫ ዘመቻ፣ ኬኔዲ ከተፎካካሪያቸው ከኒክሰን ጋር ያደረጉት ክርክር፣ የኋይት ሐውስ ክፍሎች አሉ። አባባ የወደዷት ግን አንዲት የኮኮናት ቅርፊት ናት። በ1943 የጃፓን መርከብ የኬኔዲን ጀልባ ለሁለት ሰንጥቃ ካሰመጠች በኋላ፣ ኬኔዲ ቅርፊቷ ላይ መልእክት ቀርጸው በደሴቶቹ ሰዎች እጅ ልከው ነው የተረፉት። ፕሬዚዳንት ሲሆኑም ጠረጴዛቸው ላይ ነበረች።

የፒስ ኮር፣ ማለትም ኬኔዲ ያቋቋሙትና አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞችን ወደ ውጭ አገር የሚልከው ድርጅት፣ ማሳያ ጋ ስንደርስ አባባ "እኔን ያስተማረኝ ከነዚህ አንዱ ነው" አሉ። እንደ ፈረንጆቹ በ1962 የመጀመሪያዎቹ የፒስ ኮር መምህራን ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ ከ250 በላይ ነበሩ። አባባ ያኔ ደሴ ተማሪ ናቸው።

እኒያ ሴትዮ ይህን ሲሰሙ ጉብኝቱን አቆሙት። ወንበር ስበው አባባ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ምን አስተማራችሁ? አማርኛ ይሞክር ነበር? ምግባችሁን ለመደ? አባባ ስለ መምህራቸው ሲያወሩ ሌሎች ጎብኚዎችም ከበቡን። የማሳቹሴትስ ሴናተር የነበሩት ፖል ሶንጋስም ወሊሶ ያስተማሩ የፒስ ኮር ሰው መሆናቸውን ሴትዮዋ ነገሯቸው። አባባ "ወሊሶ!" ብለው ሳቁ። እኔ ልጃቸው ያን ሁሉ ታሪክ የሰማሁት እዚያ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ቆሜ ነው። ቤት ማን ጠይቋቸው ያውቃል?

ከዚያ የጃንሆይ ነገር ተነሳ። ጥቅምት 1 ቀን 1963 በፈረንጅ አቆጣጠር ጃንሆይ ዋሽንግተን ሲገቡ ኬኔዲና ባለቤታቸው ዣክሊን ባቡር ጣቢያ ድረስ ወጥተው ተቀብለዋቸዋል። ዣክሊን በነሐሴ ጨቅላ ልጃቸውን የቀበሩ እናት ነበሩ። ጃንሆይ የነብር ቆዳ ካፖርት ሰጧቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ ኬኔዲ ተገደሉ። ጃንሆይ ተመልሰው መጥተው ከፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ከደጎል ጋር በእግራቸው ቀብሩን ሸኙ። አባባ የኬኔዲ ሞት ዜና የተሰማ ጊዜ መምህራቸው ክፍል ውስጥ ማልቀሱን ነገሯቸው። ሴትዮዋም ዓይናቸውን ጠረጉ።

ስንሰናበት የቤተ መዛግብቱን ክፍል አድራሻ ጽፈው ሰጡን። የጃንሆይን ጉብኝት ፎቶ ፈልጌ ጻፍኩላቸው። ከዚያ ሁሉ ፎቶ መሐል እንዴት እንደሚያገኙት አይገባኝም፣ ቁጥርና ኮድ የሞላበት ነገር ነው። ብቻ አንድ ትሑት ሠራተኛ የትኛውን መጫን እንዳለብኝ ሳይቀር አስረድቶ መለሰልኝ። አባባ ፎቶውን አሳትመው ይዘው ሄደዋል። ለጎረቤቱ ሁሉ እያሳዩ ነው አሉ።

እናንተም ሂዱ። በሬድ ላይን ባቡር ጄኤፍኬ ዩማስ ጣቢያ ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ ነጻ አውቶቡስ ያደርሳችኋል። የሥራ ሰዓቱን ቀድማችሁ እዩ። በተለይ በጃንሆይ ዘመን የተማረ አባት ወይም እናት ያላችሁ፣ ፒስ ኮር ያስተማራቸው ካሉ ደግሞ በር ላይ ሳትደብቁ ተናገሩ። እኒያን ሴትዮ ካገኛችኋቸው የደሴው ሰውዬ ሰላም ብለዋል በሉልኝ።