መርሰዲስ 250 ዲን ይዤ ሀረጎን ስወርድና ስወጣ

ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመካከል ያለውን የሀረጎን ዳገት የሚያውቅ ሰው ግን በኪሎ ሜትር አይለካውም። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። ያን ሁሉ ቁልቁለት ጠዋት እወርደዋለሁ፣ ማታ እወጣዋለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ አስፋልቱ ላይ ሲተኛ የሲኖ ትራኩ መብራት የሚታየኝ አፍንጫዬ ሥር ከደረሰ በኋላ ነው። ዓመታት በሚኒባስ ተመላልሼ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የራሴን መኪና ገዛሁ፤ መርሰዲስ 250 ዲ፣ እ.ኤ.አ. የ1990 ሥሪት፣ በናፍጣ የሚሄድ፣ ባለ አምስት ማርሽ ማንዋል። ደብሊው 124 የሚባለው ሞዴል ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራ የምሄደው በእሱ ነው። «አሮጌ መርሰዲስ ለዕለት ሥራ ይሆናል ወይ?» እያሉ የሚጠይቁኝ ስለበዙ የማውቀውን ልጻፍ።

ይሆናል። ግን ዋጋው የሚከፈለው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ለሻጩ፣ አንዴ ብረቱ መገጣጠሚያ ላይ ለሚገባው ጎማ ለጎሚኒውና ለቱቦው። ሁለተኛውን ገንዘብ ሳይቋጥር የገዛ ሰው ዓመት ሳይሞላ ግቢው ውስጥ ሸራ አልብሶ ያቆመዋል።

የሸጡልኝ ሆጤ አካባቢ የሚኖሩ አንድ ሃጂ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ አራቱንም ጎማ አስፈትተው፣ ባትሪውን አስወርደው፣ መኪናውን ጉማጅ ላይ አስቀምጠው ወጡ። ሲመለሱ እንዳስቀመጡት አገኙት። ከዚያ በኋላ ግን ዓይናቸው ስለደከመ አልነዱትም፣ መኪናው ቆሞ ከረመ። እኔ ስሄድ ቡና ተፈላ፤ አቦሉ ላይ ስለ ቤተሰብ፣ ቶናው ላይ ስለ ኑሮ ተጨዋወትን፣ ዋጋ የተነሳው በረካው ላይ ነው። የተስማማንበት ዋጋ በዚያን ጊዜ አንድ ቪትዝ ከሚጠየቅበት ከግማሽ ያነሰ ነበር። «ልጄ፣ ይኼ መኪና ቆሞ ነው የታመመው፣ ሮጦ አይደለም። ቶሎ ቶሎ ንጂው፣ አላህ ያግርልሽ» አሉኝ። ነገሩ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው። ሞተሩ ጤነኛ ነበር። የታመመው ጎማ ነክ ነገር ሁሉ ነው፤ ቱቦው፣ ጎሚኒው፣ የፍሬን ጎማዎቹ። ጎማ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል።

መጀመሪያ ወር ላይ ያስደነገጠኝ ፍሬኑ ነው። ሀረጎን ስወርድ ከፊቴ የጫነ ተሳቢ ነበረ፣ እየያዝኩ እየለቀቅኩ ተከተልኩት። ግማሽ ላይ ፔዳሉ እግሬ ሥር ለሰለሰ። ሁለተኛ ጊዜ ስረግጠው ወደ ወለሉ ሰመጠ። ወደ ሁለተኛ ማርሽ አወረድኩና ሞተሩ ራሱ ያዘው፤ ከዚያ በግራ እግር የሚረገጠውን የማቆሚያ ፍሬን ቀስ እያልኩ ተጫንኩ፣ በዳገቱ በኩል ጥጉን ይዤ ቆምኩ። እጄ ለሩብ ሰዓት ያህል ተንቀጠቀጠ። ሸዋ በር ያለው መካኒኬ ዘይቱን ቀድቶ በብርጭቆ አሳየኝ፤ እንደ ጥቁር ሻይ ሆኗል። የፍሬን ዘይት ከአየሩ ውስጥ እርጥበት ይስባል። እርጥበት የያዘ ዘይት ሲግል ቶሎ ይፈላል፣ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፣ እንፋሎት ደግሞ ሲረገጥ ይጨመቃል እንጂ ፍሬን አይገፋም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መቀየር። ዶት 4 የሚል የተጻፈበት ያልተከፈተ ዕቃ ይገዛል። ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ በነፃ ቢሰጣችሁም አትቀበሉ።

በዚያው ሰሞን የፍሬን ሸራ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። የሸጠልኝ ሱቅ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ ማለ፣ ካርቶኑም ያምራል። በሦስት ወር ውስጥ አለቀ፤ ቸርኬዎቹን በጥቁር ብናኝ ከመሸፈኑም በላይ ዲስኩን ቦረቦረው። ዲስኩን ቶርኖ ቤት ወስጄ አስላጥኩ፣ ሸራውን እንደገና ገዛሁ። ለፍሬን ስትገዙ በሚታመን ሰው እጅ ግዙ፤ ያስቀራችሁት ብር ሀረጎ ላይ አይረዳችሁም።

በዚህ ሁሉ ላይ ፍሬኑ ከተስተካከለ ወዲህ እንዲህ ያለ ፍሬን በሌላ መኪና አላየሁም። ስረግጠው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አይጎትትም፣ አፍንጫውን መሬት ላይ አይተክልም። ኩርባ ላይ መንገዱን እንደያዘ ይዞራል። መካኒኬ እንዳሳየኝ ኋላ ላይ እያንዳንዱ ጎማ በአምስት ዘንግ ነው የተያዘው፤ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባም ጎማው አቅጣጫውን አይስትም። ችግሩ እያንዳንዱ ዘንግ ጫፉ ላይ ጎሚኒ አለው፤ በግራም በቀኝም ቆጥራችሁ ድረሱበት። የእኔ ሁሉም ደርቀው ነበር፣ የሰፈራችንን ኮብልስቶን ስወጣ ከኋላ «ቋ፣ ቋ» ይል ነበር። መጀመሪያ ሁለቱን ብቻ ቀየርኩ፣ ድምፁ ወደ ሌሎቹ ዞረ። በመጨረሻ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አስቀየርኩ። በየጊዜው ለማስፈታት ከከፈልኩት አንዴ መክፈሉ ይሻል ነበር።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ያ ሞተሩ አልጠፋ ያለበት ማታ ነው።

ቤቴ ደርሼ ቁልፉን አዞርኩ፣ ነቅዬ ወጣሁ። ቁልፉ እጄ ላይ ነው፣ ሞተሩ ኳ ኳ ማለቱን አልተወም። ተመልሼ ገባሁ፣ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ያው ነው። ጎረቤቶች በመስኮት ብቅ አሉ። መካኒኬን ደወልኩለት። «ጋሼ፣ ቁልፉን ነቅዬዋለሁ፣ ሞተሩ አልጠፋም።» «አይዞሽ ልጄ፣ ናፍጣ ነው፤ እሳት አይፈልግም፣ ናፍጣ እስካገኘ ይሠራል። ኮፋኑን ክፈቺ፣ ፓምፑ ጋ ‹ስቶፕ› የሚል የተጻፈበት ትንሽ ማንሻ አለ። እሱን ተጫኚው።» በስልኬ መብራት ፈልጌ አገኘሁት፣ ተጫንኩት። መኪናው አንዴ ተንዘፈዘፈና ፀጥ አለ።

በማግስቱ ጋራዥ ስወስደው ጋሼ ሞተሩን ዞር ብለው አላዩም። ከመሪው ሥር ያለውን ሽፋን ፈቱ። «ችግሩ ሞተሩ ላይ እኮ ነው» አልኩ። «ታገሺ ልጄ» አሉኝ። ከቁልፉ መቀመጫ ጀርባ የቀጭን የአየር ቱቦ መገጣጠሚያ አወጡ፤ ጎማዋ የጥፍሬን ያህል ተቀድዳለች። ያቺ ቀዳዳ ናት ሞተሩን እንዳይጠፋ ያደረገችው። ይኼ መኪና ሞተሩን የሚያጠፋው በኤሌክትሪክ ሳይሆን አየር በመምጠጥ ነው። ሞተሩ ላይ ያለ ፓምፕ አየሩን ይመጥጣል፣ መምጠጡ በቀጭን ቱቦ ወደ ቁልፉ ይሄዳል። ቁልፉ ሲዞር ናፍጣውን የሚዘጋው ያው የተመጠጠ አየር ነው። ቱቦው ላይ አየር ሲገባ ሞተሩን የሚያጠፋው ኃይል ያጣል። ምልክቱን ሳላውቀው ሁለት ሳምንት አይቼዋለሁ፤ ቁልፉን ስዘጋ ሞተሩ ዘግይቶ ነበር የሚጠፋው። ዕቃዋ ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ በሰልቫጅ መጣች፣ በአውቶቡስ ተልካ በማግስቱ ደረሰችኝ። ለሥራው የወሰዱት ግማሽ ሰዓት ነው። የማያውቅ እጅ ቢሆን ኖሮ ፓምፑን አውርዶ፣ ፈትቶ፣ ሌላ በሽታ ጨምሮ ይመልስልኝ ነበር። ለዚህ ነው መኪናውን ሳትገዙ መካኒኩን ፈልጉ የምለው። ይኼን ሞዴል በደንብ የሚያውቅ ሽማግሌ በከተማችሁ ካለ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ሞተሩን በተመለከተ የምወቅሰው ነገር የለም። አምስት ሲሊንደር ነው፣ የሚዞረው በካቴና ስለሆነ ቺንጋው ተበጠሰ ብሎ መስጋት የለም፣ ቫልቮቹም ራሳቸውን በዘይት ስለሚያስተካክሉ አይቃኙም። ዘይቱን በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ። ዳገት ላይ ግን ቀርፋፋ ነው፣ ይኼን ተቀብሎ ነው መግዛት። ተርቦ የለውም፣ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ነው፤ ደሴ ላይ ጉልበቱ በሩብ ያህል ይቀንሳል። ሀረጎን በሦስተኛ ማርሽ ነው የምወጣው፣ እግሬን ሳበዛበት ከኋላ ጥቁር ጭስ ይለቃል። ሚኒባሶቹ ይቀድሙኛል፣ ይቅደሙ። ጠዋት ጠዋት ደሴ ሲበርድ የማሞቂያ ካንዴላው መብራት እስኪጠፋ እጠብቃለሁ። ከአምስቱ አንዱ ሲሞት ሞተሩ ሲነሳ እየተርገፈገፈ ነጭ ጭስ ያወጣል፤ እስካሁን ሁለት ቀይሬያለሁ።

ናፍጣው የሚገባባት አውራ ጣት የምታህል፣ ውስጧ የሚታይ ፕላስቲክ ማጣሪያ አለች። በየሳምንቱ ቅዳሜ ኮፋኑን ከፍቼ አያታለሁ። መጀመሪያ ላይ ታንከሩ በመቆሙ ያዘቀጠው ዝገት እንደ ቡና አተላ ታችዋ ላይ ተከማችቶ አየሁ። ታንከሩን አስወርጄ አሳጠብኩ። ማጣሪያዋ ርካሽ ናት፤ የምታድነው ግን የናፍጣ ፓምፑን ነው፣ ፓምፑ ደግሞ በዚህ መኪና ላይ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ውድ ከሆኑት ነው። ፍጆታው ሸጋ ነው፤ ደርሶ መልስ ወደ 4 ሊትር ይበላል። ታንከሩ 70 ሊትር ስለሚይዝ አንዴ ከሞላሁ የሦስት ሳምንት ሥራ ያደርሰኛል። የናፍጣ ሰልፍ ባለበት አገር ይኼ ትልቅ ነገር ነው።

ትንሿ ሐሜቴ ፊውዞቹ ናቸው። እንደ ዛሬዎቹ አይደሉም፣ በሸክላ ዘንግ ላይ ስስ ብረት የተለበጠባቸው ናቸው። ጫፋቸው ሲሻግት አንዴ ክላክሱ፣ አንዴ የፍሬቻው መብራት ያለ ምክንያት ይጠፋል። አንድ ቀን ጉም ውስጥ መጥረጊያው ቆመብኝ። መጥረጊያው አንድ ብቻ ነው፣ እየተወረወረና እየተሰበሰበ መስታወቱን ሙሉ ለሙሉ ማለት ይቻላል ይጠርጋል፤ ሲቆም ግን ምንም አይታይም። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም በመዳብ ቀየርኩ፣ መቀመጫቸውን በብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁ፣ ከዚያ ወዲህ አላስቸገሩኝም።

አሁን ዋጋው ተወድዷል። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተባለ ወዲህ የአሮጌውም ባለቤት ኮራ። ያም ሆኖ የምትፈልጉ ካላችሁ ናፍጣውን ብትመርጡ እላለሁ። የቤንዚኑን የምትወዱ ከሆነ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1995 የተሠሩትን ስታዩ የሞተሩን ገመድ እጠፉት። በእነዚያ ዓመታት የተሠራው ገመድ ሽፋኑ በሙቀት እየተፈረፈረ ስለሚረግፍ ሽቦው ራቁቱን ይቀራል። ስቱኮ የበዛበትን ቦዲ በማግኔት ሞክሩት። ጎን ላይ ክሪክ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች ክዳናቸውን አንስታችሁ በጣታችሁ ዳስሱ፣ ዝገት ከዚያ ነው የሚጀምረው። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ሞተሩ ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉን ሳታዩ ብር አትቁጠሩ፤ ሞተሩ ተቀይሮ ያልተመዘገበ ከሆነ ስመ ንብረት ስታዛውሩም ቦሎ ስታሳድሱም መከራ ነው።

የገጠር ጭቃ መንገድ የሚበዛባችሁ ግን ተዉት። የሚገፋው በኋላ ጎማ ስለሆነ ክረምት ላይ ዝቅ ባለ መንገድ ይንሸራተታል። ወደ ኩታበር ለለቅሶ ስሄድ ከአስፋልቱ ወጣ ብዬ ጭቃ ያዘኝ፣ የመንደሩ ልጆች ገፍተው ነው ያወጡኝ።

በቀረው፣ ሊገዙ ሲሄዱ ሞተሩን አስነስተው ጥቂት ያሠሩት። ከዚያ ቁልፉን ይንቀሉት። እስከ ሁለት ሲቆጥሩ ካልጠፋ ከዋጋው ያስቀንሱ፣ የአየር ቱቦዎቹንም አስቀድመው ያስፈትሹ።