የአሮጌ ሞተር ሳይክል ሾክ አብዞርበር እድሳት፦ ከአሥር ወራት አገልግሎት በኋላ

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራች ሞተር ሳይክሌን ሁለት የኋላ ሾክ አብዞርበሮች አድሼ መንዳት ከጀመርሁ አሥር ወራት አልፈዋል፤ በዚህ ጊዜም 6,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤባቸዋለሁ። አዲስ ገዝቶ መግጠም ይቀልል ነበር፤ ነገር ግን የነባሮቹ ክዳን በጥርስ የሚጠብቅ፣ ማለትም ከመነሻው እንዲከፈት ታስቦ የተሠራ ስለሆነ መጣሉ አላስቻለኝም። የክዳናቸው ጠርዝ ተጨፍልቆ የታሸገ ቢሆን ኖሮ በቶርኖ ቆርጦ አዲስ ጥርስ ማውጣትን ስለሚጠይቅ ሐሳቤን እለውጥ ነበር። በናይትሮጅን ግፊት የሚሠሩትን ደግሞ፣ ጋዙ ሳይለቀቅ ክዳናቸውን ማላላት አካል ሊያጎድል ስለሚችል፣ መሣሪያው ላለው ባለሙያ መተው ይገባል።

ስከፍታቸው ዘይቱ ጠቁሮ ከግማሽ በታች ወርዶ አገኘሁት። የሞላውን (የስፕሪንጉን) መንጠር የሚገታው ዘይቱ በፒስተኑ ቀዳዳዎችና ቫልቮች ተጨንቆ ሲያልፍ የሚፈጥረው ተቃውሞ ነው፤ የኋላው እግር ከእያንዳንዱ ጉድጓድ በኋላ ሦስት አራት ጊዜ ይነጥር የነበረውም ሞላው ያለ ከልካይ በመቅረቱ ነበር።

ከሥራው ሁሉ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ መለዋወጫ ፍለጋው ነው። መጀመሪያ የገዛሁት «ለዚህ ሞዴል የሚሆን» ተብሎ የተሸጠልኝን የኦይል ሲል፣ ማለትም ዘይቱ እንዳይወጣ የሚከለክል የጎማ ቀለበት፣ ጥቅል ነበር። በካሊበር ስለካው የውስጡ ስፋት 10 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ፒስተኑን ከያዘው ዘንግ ጋር ተስማማ፤ የውጭው ስፋትና ቁመቱም ልክ ነበሩ፤ ነገር ግን በሦስተኛው ሳምንት ዘይቱ በዘንጉ ዙሪያ መውረድ ጀመረ። ጉዳዩ ኋላ ላይ ሲገባኝ የተሰጠኝ ሲል ለሚሽከረከር ዘንግ የተሠራ ነበር። እንዲህ ያለው ሲል ከንፈሩ የሚሰናዳው በአንድ ቦታ ለሚዞር ዘንግ ነው፤ ሽቅብና ቁልቁል ለሚመላለስ ዘንግ ግን በእያንዳንዱ ምልልስ ዘይቱን ጠርጎ የሚመልስ ከንፈርና ከውጭ አቧራ የሚከለክል ሁለተኛ ከንፈር ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁለተኛውን ሲል የሃይድሮሊክ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ የሞተር ሳይክሉን ስም ሳልጠራ፣ ሦስቱን ልኬቶችና የዘንጉን እንቅስቃሴ ብቻ ነግሬ አገኘሁት። በስም ሲፈለግ የጠፋ ዕቃ በልኬት ሲጠየቅ መገኘቱ እስከ አሁን ያስገርመኛል። የትም ያላገኘሁት ዘንጉን የሚመራውን ቦኮላ ነበር፤ የአሮጌው ቀዳዳ ወደ ሞላላነት ስለተለወጠ ከነሐስ በቶርኖ አስቀረጽሁት።

የዘንጉን ነገር በተመለከተ ስህተቱ የእኔው ነው። የቀኙ ዘንግ መሐሉ ላይ በዝገት ስለተቦረቦረ አሮጌው ክሮም ተነሥቶ አዲስ ጠንካራ ክሮም እንዲለበስና በልኩ እንዲሞረድ አደረግሁ። በግራው ላይ ግን ጥፍር የሚይዝ አንዲት ጉድጓድ የነበረችው ከላይኛው ማያያዣ አጠገብ ብቻ ስለሆነ፣ ሲሉ እዚያ ድረስ አይደርስም ብዬ በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ተውሁት። ብቻዬን ስነዳ ግምቴ ልክ ነበር፤ በሰባተኛው ወር ሰው ከኋላዬ ጭኜ በተበላሸ መንገድ ስሄድ ግን ሾኩ እስከ መጨረሻው እየተጨመቀ ጉድጓዷ በሲሉ ውስጥ አለፈች፤ ከዚያ ወዲህ ግራው ያልባል።

ዘይት ሲመረጥ በዕቃው ላይ የተጻፈው «10ደብልዩ» የሚለው የውፍረት ደረጃ ብቻውን አያስተማምንም፤ አንዱ አምራች 10 የሚለው ሌላው 7.5 ከሚለው ሊቀጥን ስለሚችል፣ በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ የተለካውን ውፍረት በሴንቲስቶክስ ማወዳደር ይሻላል። መጠኑም እስከ አፉ አይሞላም። የ10 ሚሊ ሜትር ዘንግ 80 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ሲገባ 6.3 ሲሲ ያህል ቦታ ስለሚይዝ፣ ከዚያ የበለጠ አየር ካልተተወለት ዘይቱ መሄጃ አጥቶ ሾኩ እንደ ብረት ይደርቃል፣ ወይም ሲሉን ገፍቶ ያወጣል። የእኔዎቹ ባለ ሁለት ቱቦ፣ ማለትም አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ የተቀመጠ፣ ስለሆኑ ከሞላኋቸው በኋላ በውስጠኛው ቱቦ የቀረው አየር እንዲወጣ ቀጥ አድርጌ አቁሜ፣ እጄ ላይ ባዶ ምልልሱ እስኪጠፋ ድረስ በዝግታ አመላለስኋቸው። ይህን ሳላደርግ የገጠምሁ ዕለት ሾኮቹ ምንም ያልተነኩ መስለውኝ ነበር።

የማያያዣ ጎማዎቹን በተራ ጎማ ለወጥኋቸው፤ ችግር አልፈጠሩም።

በአነዳድ በኩል የኋላው እግር አሁን አንድ ጊዜ ወርዶ ይመለሳል፣ ጠመዝማዛ ላይም መወዛወዙ ቀርቷል። በረጅም አስቸጋሪ መንገድ ላይ ግን ከአርባ ደቂቃ ገደማ በኋላ ዘይቱ እየሞቀና ከአየሩ ጋር እየተቀላቀለ ሲሄድ መንጠሩ በመጠኑ ይመለሳል፤ ዘይቱንና አየሩን የሚለይ ነገር በውስጡ የሌለው አሠራር ስለሆነ ከዚህ በላይ አልጠብቅበትም። የቀኙ ዘንግ ዛሬም በጨርቅ ሲጠረግ ደረቅ ነው። የግራውን ትናንት ፈትቼ ለክሮም ልኬዋለሁ።